ሰው ሲደክም የማይቆም እንክብካቤ፦ የአእምሮ ጤና አገልግሎት በቤተ ክርስቲያን እንዴት ይተከላል?

በማገለግልበት ቤተ ክርስቲያን አንዲት እኅት ነበረች። ማን እንደታመመ፣ ማን ከሰው እንደሸሸ፣ የማን ቤት ሰላም እንዳጣ ከሁላችን ቀድማ የምታውቀው እሷ ነበረች። ትደውላለች። ቤት ድረስ ትሄዳለች። አብራ ታለቅሳለች። እኛም "እሷ አለችልን" ብለን እፎይ አልን። ከዓመታት በኋላ እሷ ራሷ ከአልጋ መነሳት አቃታት። ሁለት ወር ሙሉ ስትቀር "ሥራ በዝቶባት ይሆናል" ተባባልን። ማንም አልደወለላትም። ለሰው ሁሉ የምትደውለው እሷ ነበረቻ!

ያኔ ፍቅር አልጎደለንም። የጎደለን አሠራር ነው። የጉባኤውን ርኅራኄ በሙሉ በአንዲት ሴት ትከሻ ላይ ጫንነው፤ ትከሻው ሲዝል ሁሉም አብሮ ወደቀ። ከዚያ ወዲህ ስንወድቅ ስንነሳ የተማርነውን ነው እዚህ የማካፍላችሁ።

አንድ ታሪክ ልጨምር። እ.ኤ.አ. በ1953 ለንደን ውስጥ ቻድ ቫራ የሚባሉ የአንግሊካን ቄስ ራሳቸውን ለማጥፋት ለሚያስቡ ሰዎች የስልክ አገልግሎት ጀመሩ። በአካል የሚመጣውም ሰው በዛ። ቄሱን ለማነጋገር ወረፋ መጠበቅ ግድ ሆነ። በጎ ፈቃደኞች ለሚጠብቁት ሰዎች ሻይ እየሰጡ ያጫውቷቸው ነበር። ቄሱ ቀስ በቀስ አንድ ነገር አስተዋሉ። ብዙዎቹ ለፈቃደኞቹ ሆዳቸውን ከተነፈሱ በኋላ እሳቸውን ማግኘት ሳያስፈልጋቸው ቀለል ብሏቸው ይሄዳሉ። በ1954 የማዳመጡን ሥራ ለፈቃደኞቹ አስረከቡ። ሳማሪታንስ የሚባለው ድርጅት የቆመው በዚህ ላይ ነው። ቄሱ በ2007 አርፈዋል። ስልኩ ግን ዛሬም ይነሳል።

የእናንተም ሥራ መለኪያው ይህ ይሁን፦ የጀመረው ሰው ቢሄድ ስልኩ ይነሳል ወይ?

1. ኮሚቴ ከማቋቋማችሁ በፊት መሪዎቹ ስለራሳቸው ይነጋገሩ

ብዙ ቦታ የመጀመሪያው እርምጃ ኮሚቴ ማቋቋም ነው። እኔ ግን ሌላ ቦታ ጀምሩ እላለሁ። ካህናቱ፣ መጋቢዎቹ፣ ሽማግሌዎቹ፣ የወጣት መሪዎቹ አንድ ከሰዓት ቁጭ ይበሉ። አጀንዳው ሦስት ጥያቄ ብቻ ነው። በዚህ ዓመት በጣም የከበዳችሁ መቼ ነበር? ለማን ነገራችሁ? ካልነገራችሁ ለምን?

የእኛ የመጀመሪያ ስብሰባ ግማሽ ሰዓት ያህል ዝም ያለ ስብሰባ ነበር። ከዚያ አንድ አረጋዊ መሪ "እኔ ከአምና ጀምሮ እንቅልፍ የለኝም" አሉ። ሌላው ሁሉ ከዚያ በኋላ መጣ። መሪዎች እርስ በርስ መናገር ያቃታቸውን ነገር ምእመናን ለእነሱ እንዲናገሩ መጠበቅ ከባድ ነው።

በዚሁ ስብሰባ የሙሴንና የአማቱን የዮቶርን ታሪክ አንብቡ። ሙሴ ከጠዋት እስከ ማታ ብቻውን ለሕዝቡ ሲፈርድ ይውላል። ዮቶር አይቶ አላደነቀውም። አንተም ትደክማለህ፣ ሕዝቡም ይደክማል አለው። ከዚያም የሺህ፣ የመቶ፣ የአምሳና የአሥር አለቆች እንዲሾም መከረው። የብቸኛ አገልጋይ ድካም የሚጎዳው አገልጋዩን ብቻ አይደለም፤ ወረፋ የሚጠብቀውንም ሕዝብ ነው።

ከስብሰባው አንድ ገጽ ጽሑፍ ይዛችሁ ውጡ። ምን እንሠራለን? እናዳምጣለን፣ እንጎበኛለን፣ አብረን እንጸልያለን፣ ከባለሙያ ጋር እናገናኛለን። ምን አንሠራም? በሽታውን አንሰይምም፣ ስለ መድኃኒት አንወስንም፣ የባለሙያን ቦታ አንይዝም። ኃላፊው ማን ነው? ስንት ብር ተመደበ? ገንዘቡ ብዙ መሆን የለበትም። ለስልክ፣ ለትራንስፖርት፣ አቅም ለሌለው ሰው የመጀመሪያ ምርመራ የሚሆን ይበቃል። ግን በዓመቱ ባጀት ላይ ስሙ ተጽፎ ይግባ። ባጀት ላይ የሌለ አገልግሎት መሪ ሲቀየር ይረሳል።

2. ሕዝቡን ጠይቁ

ስም የማይጻፍበት ወረቀት አዘጋጁ። ሦስት ጥያቄ ይበቃል። ሲከብዳችሁ እዚህ ቤት ውስጥ ለማን ትነግራላችሁ? እንዳትናገሩ የሚያደርጋችሁ ምንድን ነው? በመከራችሁ ጊዜ ከተነገራችሁ ቃል የጎዳችሁና የጠቀማችሁ የትኛው ነው? ሕመም አለባችሁ ወይ ብላችሁ አትጠይቁ።

ሁለት ጥንቃቄ አለ። ወረቀቱ በተሰበሰበበት ቀን ይነበብ፤ እርዳታ የሚለምን ሰው ጽፎ ሊሆን ይችላል። ስም ስለሌለ ልታገኙት አትችሉም። ስለዚህ ከወረቀቱ ግርጌ "ዛሬውኑ ሰው ማናገር ከፈለጋችሁ" ብላችሁ የሰው ስምና ስልክ አትሙበት፤ ያንኑም ከመድረክ ተናገሩት።

የሦስተኛው ጥያቄ መልስ ብዙ ያስተምራችኋል። እኛ ያገኘነውን ሳነብ አፈርኩ። ከጎጂዎቹ ቃላት ውስጥ እኔ ራሴ ደጋግሜ የምናገራቸው ነበሩ።

3. ከመድረክ የሚነገረውን አስተካክሉ

ብትችሉ ከሁሉም በላይ እዚህ ላይ ጊዜ ስጡ። አሥር ጎብኚ አሠልጥናችሁ ስታበቁ፣ አንድ ስብከት "ድብርት የእምነት ማነስ ነው" ካለ የታመመው ሰው በሩን ይዘጋል። ከዚያ በኋላ ጎብኚ ቢያንኳኳም አይከፍትም።

የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው እ.ኤ.አ. በ2019 በዓለም ላይ ከ8 ሰዎች 1ዱ ከአንድ ዓይነት የአእምሮ ጤና ችግር ጋር ይኖር ነበር። ይህ የዓለም አማካይ ነው፤ በእያንዳንዱ ጉባኤ በልኩ አይገኝም። ለሰባኪ ግን ጥሩ ማስታወሻ ነው። 200 ሰው ባለበት አዳራሽ በዚህ ስሌት 25 ሰው ቃላችሁን በሌላ ጆሮ ይሰማል።

ሰባኪዎቹን ሰብስባችሁ የኤልያስን ታሪክ በዝግታ አንብቡ። በቀርሜሎስ ታላቅ ድል አይቶ ነበር። በማግሥቱ ማለት ይቻላል ለነፍሱ ፈርቶ ሸሸ፤ ከአንድ ዛፍ ሥር ተቀምጦ ሞትን ለመነ። መልአኩ አልገሠጸውም። ቀሰቀሰውና እንጀራና ውኃ ሰጠው። ኤልያስ በልቶ ተመልሶ ተኛ። ደግሞም ቀስቅሶ አበላው፤ መንገዱ ረጅም ነው አለው። "ምን ታደርጋለህ?" የሚለው ጥያቄ የመጣው ከምግቡ፣ ከእንቅልፉና ከረጅሙ ጉዞ በኋላ ነው። እኛ ብዙ ጊዜ ቅደም ተከተሉን እንገለብጠዋለን። ያልበላና ያልተኛ ሰው ፊት ቆመን በጥያቄ እንጀምራለን።

መዝሙር 88ንም አስቡት። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ጩኸት ነው። በብርሃን አይዘጋም፤ የመጨረሻው ቃሉ ጨለማ ነው። እሱም ግን ጸሎት ሆኖ ከመዝሙሮቹ መካከል ገብቷል። እንዲህ ያለውን መዝሙር በዓመት ሁለት ሦስት ጊዜ በጉባኤ አንብቡ። ምስክርነት ስታስነግሩም "ታምሜ ነበር፣ ዳንኩ" የሚለውን ብቻ አትፈልጉ። "አሁንም ሕክምና ላይ ነኝ፣ እግዚአብሔርም አልተወኝም" የሚለውም ይሰማ። ተናጋሪው ግን ወዶ፣ አስቦበትና ከቤተሰቡ ጋር ተመካክሮ ይሁን። በሕመሙ መካከል ያለን ሰው ወደ መድረክ አትግፉ።

በጸሎታችሁ ውስጥ የአእምሮ ሕመምን በስሙ ጥሩት። ለካንሰርና ለስኳር ሕሙማን የምትጸልዩ ከሆነ ለድብርት፣ ለባይፖላር (ስሜት ከልክ ባለፈ መነቃቃትና በከባድ ድብርት መካከል የሚዋዥቅበት ሕመም)፣ ለስኪዞፍሬንያ (ሰው ሌላው የማይሰማውን ድምፅ እስከመስማት ከእውነታው የሚርቅበት ሕመም) ሕሙማንም በዚያው ድምፅ ጸልዩ። "እብድ"፣ "ያበደ" የሚሉትን ቃላት ከቀልድም ከስብከትም አውጡ። ራሱን ስላጠፋ ሰው ስታወሩ አፈጻጸሙን አትተርኩ፣ ድርጊቱን አታጀግኑ፣ በሟቹም ላይ አትፍረዱ። ቤተሰቡ ከፊት ረድፍ ተቀምጦ ነው የሚሰማችሁ።

ስለ መድኃኒት አንድ ሕግ ይኑራችሁ፤ ከመድረክም ደጋግማችሁ ተናገሩት። በጸሎት ምክንያት መድኃኒቱን እንዲያቆም ለማንም አይነገርም። ጸሎትና መድኃኒት አይጣሉም። የድብርት መድኃኒቶች ውጤታቸው እስኪታይ ብዙ ጊዜ ሳምንታት ይወስዳሉ። በድንገት ሲቋረጡ ሰውነትን ያውካሉ፤ ሕመሙም ሊመለስ ይችላል። ማቆም ካስፈለገ ሐኪሙ ነው በዝግታ የሚቀንሰው።

ብዙ አገልጋይ የማያውቀው ሌላም ነገር አለ። ባይፖላር ያለበት ሰው ሌሊት እንቅልፍ ካጣ ሕመሙ ሊነሳበት ይችላል። የአዳር ጸሎት ለእሱ ቀላል ነገር አይደለም። ለዚሁ ሕመም የሚታዘዘውን ሊቲየም የሚባል መድኃኒት የሚወስድ ሰው ደግሞ ውኃ ሳይጠጣ ሲውል መድኃኒቱ በደሙ ውስጥ ከልክ ሊያልፍ ይችላል። ስለዚህ አዳር ወይም ጾም ስታውጁ "በሕክምና ላይ ያላችሁ ሐኪማችሁን ጠይቁ፤ የማትችሉም በሌላ መንገድ አብራችሁን ናችሁ" በሉ። አንድ ዓረፍተ ነገር ናት። ሰውየው ግን በጉባኤ ፊት ራሱን ከማስረዳት ይድናል።

4. ቡድኑን ምረጡ

ከ6 እስከ 10 ሰው ይበቃል። ወንድም ሴትም፣ ወጣትም አረጋዊም ይኑርበት። በመናገር የታወቀ ሰው አትፈልጉ። ሰው ቡና ቤት ቢሆን፣ በር ላይ ቢሆን፣ ወጥ ቤት ቢሆን ሳያስበው የሚያወራለት ሰው አለ። እሱን ፈልጉ። ምስጢር ሲያፈስ ተሰምቶ የሚያውቅ ሰው የቱንም ያህል መንፈሳዊ ቢመስል አይግባ። በዚህ አትደራደሩ።

ትምህርት ቅድመ ሁኔታ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2006 ዚምባብዌ ውስጥ የሥነ አእምሮ ሐኪሙ ዲክሰን ቺባንዳ ሥራውን የጀመሩት ከ14 አያቶች ጋር ነው። አያቶቹ በጤና ጣቢያ ግቢ አግዳሚ ወንበር ላይ እየተቀመጡ ሰው ያዳምጣሉ፤ ችግሩን አብረው ነቅሰው አንዷን መርጠው መፍትሔ ያፈላልጋሉ። በባዕድ ቃል ፈንታ በገዛ ቋንቋቸው "አብዝቶ ማሰብ" የሚለውን አባባል ይጠቀማሉ። በ2016 የታተመ ጥናት ከስድስት ወር በኋላ ሰዎቹ በእርግጥ ቀለል እንዳላቸው አሳይቷል። አያቶቹ ግን ዝም ተብለው አልተለቀቁም። ሠልጥነዋል፤ የሚከታተላቸውም ባለሙያ ነበራቸው። እናንተም አካባቢያችሁ ካለ ነርስ፣ የሥነ ልቦና ባለሙያ ወይም ሶሻል ወርከር አንዱን በወር አንድ ጊዜ እንዲያግዛችሁ ለምኑ።

ሁልጊዜ ሁለት ሆናችሁ ሂዱ። አገልግሎቱ የሁለት ዓመት ይሁን፤ ከዚያ በኋላ ቢያንስ የስድስት ወር ዕረፍት። በየዓመቱ ግማሹ ይቀየር፤ ነባሩ አዲሱን እያስተማረ እንዲሄድ።

5. ማዳመጥን ተለማመዱ

የዓለም ጤና ድርጅት ከአጋሮቹ ጋር እ.ኤ.አ. በ2011 ባወጣው የሥነ ልቦና የመጀመሪያ እርዳታ መመሪያ ውስጥ ሦስት ቃላት አሉ፦ ማየት፣ መስማት፣ ማገናኘት። ለአደጋ ጊዜ የተጻፈ ቢሆንም ለዕለት አገልግሎትም ይሆናል። ማየት ማለት ሰውየው ደህና ነው ወይ፣ በልቷል ወይ፣ ብቻውን ነው ወይ ብሎ ማስተዋል ነው። መስማት ግልጽ ነው። ማገናኘት ከቤተሰብ፣ ከባለሙያ፣ ከሚያስፈልገው እርዳታ ጋር ነው።

መስማቱ ግልጽ ይመስላል እንጂ ልምምድ ይፈልጋል። በሥልጠናው ላይ ሁለት ሁለት ሆናችሁ ተቀመጡ። አንዱ ይናገር፣ ሌላው ለአምስት ደቂቃ ምክር ሳይሰጥ ያዳምጥ። ጥቅስ መጥቀስም፣ "እኔም እኮ" ማለትም አይፈቀድም። አምስት ደቂቃ ምን ያህል እንደሚረዝም ያኔ ታያላችሁ።

ለምሳሌ አንድ ወጣት "ጋሼ፣ እንቅልፍ እምቢ ብሎኛል" ይላችኋል። "ጸልይ፣ ያልፋል" ካላችሁት ወሬው እዚያው ይሞታል። "ከመቼ ጀምሮ ነው ልጄ? ሌሊቱን እንዴት ታሳልፈዋለህ?" ካላችሁት ግን ይቀጥላል። ሲያበቃ የሰማችሁትን በራሳችሁ ቃል መልሳችሁ ንገሩት፤ ያስተካክላችሁ። ከዚያ "አሁን ምን ብናደርግልህ ይቀልልሃል?" በሉት። ጸሎቱም ይመጣል። ልጸልይልህ ወይ ብላችሁ ፈቃዱን ጠይቁ። ጸሎቱን ወሬ ማሳጠሪያ አታድርጉት።

የኢዮብን ወዳጆች ብዙ ጊዜ እናማቸዋለን። መጀመሪያ ግን ሰባት ቀንና ሰባት ሌሊት ቃል ሳይናገሩ ከእሱ ጋር መሬት ላይ ተቀምጠው ነበር። ያበላሹት አፋቸውን ሲከፍቱ ነው።

ቡድኑ ምልክቶችን ማወቅ አለበት፤ በሽታውን ለመሰየም ግን አይደለም። ኀዘንና መከፋት የሁሉም ሰው ነው። ሰውየው ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ፣ በየቀኑ ማለት ይቻላል፣ አብዛኛውን የቀን ክፍል ከተከፋ ወይም ይወደው የነበረው ነገር ሁሉ ከሰለቸው ባለሙያ ይየው። እንቅልፉና የምግብ ፍላጎቱ ከተዛባ፣ ሌላው የማይሰማውን ድምፅ ከሰማ፣ ለቀናት ሳይተኛ ከልክ በላይ ከተነቃቃ፣ መጠጥ ከበዛ ነገሩ ከእናንተ አቅም በላይ ነው።

6. የሞት ሐሳብ ሲነሳ

ይህን ክፍል መላው ቡድን በቃሉ ይወቀው። በዓለም ላይ በየዓመቱ ከ700,000 በላይ ሰው ራሱን ያጠፋል። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ አይደርስም ብላችሁ አትዘናጉ።

"ብሞት ይሻላል"፣ "ሸክም ሆንኩባችሁ"፣ "በቅርቡ ታርፋላችሁ" የሚል ቃል ስትሰሙ አትለፉት። ንብረቱን የሚያከፋፍል፣ እየዞረ የሚሰናበት፣ ከረጅም ጭንቀት በኋላ በድንገት የተረጋጋ ሰው ስታዩም ጠጋ በሉት። ከዚያ በግልጽ ጠይቁ፦ "ራስህን ስለማጥፋት እያሰብክ ነው?" ለታላቅ ሰው "እርስዎ" በሉ እንጂ ጥያቄውን አታድበስብሱት። መጠየቅ ሐሳቡን በሰው ልብ ውስጥ አይተክልም። ብዙ ሰው በመጨረሻ የሚጠይቀው ሰው በማግኘቱ ይቀልለዋል።

"አዎ" ካላችሁ አትደንግጡ፣ አትቆጡ፣ ስለ ኃጢአት አታስተምሩ። "ስለነገርከኝ አመሰግናለሁ" በሉት። እንዴትና መቼ ሊያደርገው እንዳሰበ ጠይቁ። ዕቅድ ካለው ብቻውን አትተዉት፤ ለአንድ ደቂቃም ቢሆን። ሊጎዳበት የሚችለውን ነገር ከቤተሰቡ ጋር ሆናችሁ ከአጠገቡ አርቁ። በዚያው ቀን ወደ ድንገተኛ ሕክምና አብራችሁ ሂዱ። "ለማንም እንዳትነግር" ቢላችሁ ቃል አትግቡ። "ለብዙ ሰው አልናገርም፤ አንተን ለማትረፍ የግድ የሚያስፈልጉትን ግን እነግራለሁ፤ አንተም እያወቅህ ነው" በሉት። ዕቅድ ባይኖረውም በዚያው ሳምንት ባለሙያ ይየው።

በማግሥቱ ደውሉ። በሳምንቱም፣ በወሩም። ከሆስፒታል የወጣ ሰው የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ክፉ ናቸው። ሰው ሁሉ "ተሽሎታል" ብሎ የሚበተነው ግን በዚያ ጊዜ ነው።

7. ምስጢር

የምስጢር ትልቁ ቀዳዳ የጸሎት ርእስ ነው። "ለእከሌ ጸልዩለት፣ ትዳሩ ፈርሶ መድኃኒት ጀምሯል" የሚል መልእክት በቴሌግራም ግሩፕ ላይ ሲለጠፍ ሰውየው በራሱ ቤተ ክርስቲያን ተራቁቷል። ሕጉ ይህ ይሁን፦ ባለቤቱ በቃሉ ካልፈቀደ ስሙም ጉዳዩም አይነሳም፣ ለጸሎትም ቢሆን። ቡድኑ ሲመካከርም ያለ ስም ይሁን።

ምስጢር የማይጠበቅባቸው ሦስት ሁኔታዎች አሉ። ሰውየው ራሱን ሊያጠፋ ካሰበ፣ ሌላ ሰው ሊጎዳ ካሰበ፣ ሕፃን ወይም ራሱን መከላከል የማይችል ሰው እየተጎዳ ከሆነ። ይህን ወሬው ከመጀመሩ በፊት ንገሩት። ሕፃን ተጎድቶ ጉዳዩን በሽምግልና ልንፈታው ብላችሁ አትያዙ፤ ለሕግ አካል አሳውቁ። ጥፋተኛ የተባለው አገልጋይ ቢሆንም ያው ነው።

8. የባለሙያ ዝርዝር ይኑራችሁ

በአቅራቢያችሁ ያሉትን የሥነ አእምሮ ሐኪሞች፣ የሥነ ልቦና ባለሙያዎች፣ ሆስፒታሎች ዘርዝሩ። ቡድኑ ራሱ ሄዶ ይጠይቅ። ቀጠሮ ስንት ቀን ይወስዳል? ዋጋው ስንት ነው? የታካሚውን እምነት ያከብራሉ? ዝርዝሩን በየስድስት ወሩ አድሱ፤ የማያነሳ ስልክ የያዘ ወረቀት ተስፋ ያስቆርጣል።

ወረቀት ሰጥቶ መሸኘትም አይበቃም። በተጨነቀ ጊዜ ስልክ መደወል ራሱ ተራራ ነው። አብራችሁ ደውሉ። ከፈለገ አብራችሁ ሂዱና ውጭ ጠብቁት። ከዚያ በኋላ "ሐኪም ያዘው፣ የእኛ ሥራ አበቃ" አትበሉ። ሐኪሙ በወር አንድ ጊዜ ያየዋል። ቀሪዎቹ ቀናት የእናንተ ናቸው።

9. ከአንድ ወር በኋላ የሚመጣ ሁኑ

ሐዘን ቤት በመጀመሪያው ሳምንት መቀመጫ አይገኝም። በሦስተኛው ወር ማንም የለም። ስለዚህ አንድ ደብተር ወይም የስልክ ካላንደር ያዙ። ሰው ሲሞትበት፣ ስትወልድ፣ ሥራ ሲያጣ፣ ትዳር ሲፈርስ፣ ከሆስፒታል ሲወጣ ስሙን መዝግቡ፤ የምትደውሉበትን ቀን ደግሞ ከፊት ለፊቱ። በሳምንቱ፣ በወሩ፣ በሦስተኛው ወር፣ በዓመቱ። መዝገቡ ላይ ስምና ቀን ብቻ ይጻፍ፤ ዝርዝር ታሪክ አይኑርበት።

ይህ ሥራ ብዙ ችሎታ አይጠይቅም። ከሁሉም በላይ ሰው የሚያስታውሰው ግን ይህን ነው። ሟቹን በስሙ ጠርታችሁ "ዛሬ ዓመቱ ነው፣ አስታውሰነዋል" ማለት ብቻ ነው።

ሕመሙ ለዕድሜ ልክ የሚቆይ ሰው ደግሞ ጉብኝት ብቻ አይበቃውም። ቦታ ይፈልጋል። ቤልጅየም ውስጥ ሄል የምትባል ከተማ አለች። ከመካከለኛው ዘመን ጀምሮ የአእምሮ ሕሙማን በቅድስት ዲምፍና ቤተ ክርስቲያን ፈውስ ፍለጋ ይመጡባት ነበር። የከተማው ቤተሰቦች በቤታቸው ያሳድሯቸው ጀመር። ልማዱ ዘመናትን ተሻግሮ ዛሬ ከሕክምና ጋር ተሳስሮ ቀጥሏል። እንግዶቹ ከቤተሰቡ ጋር ይበላሉ፣ በአቅማቸው ይሠራሉ። እናንተ ቤታችሁን እስከዚያ ባትከፍቱም፣ ስኪዞፍሬንያ ያለበት ወንድም ወንበር ቢደረድር፣ መዝሙር መጽሐፍ ቢያድል ምን ይከለክለዋል? ሥራ ስጡት። ሲቀርም "የት ጠፋህ?" በሉት።

10. ተንከባካቢዎቹን ማን ይንከባከባቸው?

የዓለም ጤና ድርጅት መዛልን ሲገልጽ ሦስት ነገር ይጠቅሳል። አቅም ማለቅ፣ ከሥራው በልብ መራቅ ወይም መምረር፣ የምሠራው ዋጋ የለውም ማለት። በአገልጋይ ላይ ሁለተኛው ቶሎ ይታያል። ትናንት በርኅራኄ ያለቅስ የነበረ ሰው "አሁንም እሷ ናት?" ማለት ይጀምራል። ክፉ ሆኖ አይደለም። አልቆ ነው።

ቡድኑ በወር አንድ ጊዜ ስለ ጉዳዮች ሳይሆን ስለራሱ ይሰብሰብ። አንድ ሰው በአንድ ጊዜ ከሦስት ቤተሰብ በላይ አይከታተል። በሳምንት አንድ ቀን ስልኩን ለጥንድ ጓደኛው ያስረክብ። ከባድ ነገር የሰማ፣ በተለይ ሞት የገጠመው አገልጋይ በዚያው ሳምንት ራሱ ሰሚ ያግኝ፤ ለአንድ ወርም ከአዲስ ጉዳይ ይረፍ። ዕረፍት ሲጠይቅ ምክንያት አታስቆጥሩት። መጋቢዎችና ካህናትም ከቤተ ክርስቲያኒቱ ውጭ የሚያወሩት ሰው ይኑራቸው፤ ለራሳቸው ጉባኤ የማይነገር ሸክም አላቸው።

መጀመሪያ ያነሳኋት እኅት ዛሬ ቡድኑ ውስጥ ናት። ሕክምናዋን ተከታትላለች። ሁለት ቤተሰብ ብቻ ትይዛለች፣ ከአንዲት ወጣት ጋር። አምና ሁለት እሑድ ስትቀር ወጣቷ ሰኞ ዕለት በሯን አንኳኳች። ኤልያስም ከዚያ ዛፍ ሥር ከተነሳ በኋላ ብቻውን አልተላከም፤ ኤልሳዕ ተሰጠው።

11. በየስድስት ወሩ ፈትሹ

በአንድ ስብሰባ ያልቃል። ስንት ሰው ጎበኘን? ስንቱን ከባለሙያ ጋር አገናኘን? ከእነሱስ ስንቱን ዛሬም እንከታተላለን? ከቡድኑ ማን ደክሟል? ምስጢር ወጥቷል ወይ? ወጥቶ ከሆነ የተጎዳውን ሰው ይቅርታ ጠይቁ፤ ያወጣው ሰው ከቡድኑ ይውጣ።

የመጨረሻው ጥያቄ ጸጥ ብሎ ይጠየቅ፦ ከጉባኤው መካከል ቢቀር ማናችንም ልብ የማንለው ማን ነው? ሁሉም ወረቀት ይያዝና ስም ይጻፍ። የወጡትን ስሞች ለየሁለት ሰው አከፋፍሉ። የሚደወልበትን ቀንም ከስብሰባው ሳትነሱ መዝገቡ ላይ አስፍሩ።